ቅጠሉ የረገፈ ሁሉ አልሞተም

ሥነ ፍጥረት ፊደል ላልቆጠረ ሰው እንኳ የተዘረጋ መጽሐፍ ነውና፥ ዛሬ ከእርሱ አንዲት ገጽ እንገልጣለን።

በየደጃፉ በጣሳ ተተክሎ ብዙ ሰው ጄራንየም የሚለው አበባ በሊቃውንት ዘንድ ስሙ ፔላርጎንየም ነው። ሌሪቲየ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1789 ይህን ስም ያጸናለት፥ ፍሬው የሽመላ አፍ ስለሚመስል ነው። የደጃፉ አበባ ግን በሰው እጅ የተዳቀለ ነው። ማንም ሳያዳቅላቸው በዱር የሚበቅሉት ዘመዶቹ ከ250 ወገን አያንሱም፤ የአብዛኞቹም አገር ደቡብ አፍሪካ ነው። በእኛም ምድር የቦረናን ስም የያዘ አንድ ወገን ይገኛል።

በምዕራብ ኬፕ ዝናም የሚወርደው በብርዱ ወራት፥ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው፤ በጋው ደረቅ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ በዝናሙ ጊዜ ቅጠል አውጥተው ከምድር በታች እንደ ድንች ያለ ሥር ያደልባሉ፤ ሙቀቱ ሲመጣ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። የሚደንቀው ግን አንዳንዶቹ አበባቸውን የሚያወጡት ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ፥ ከባዶ መሬት መሆኑ ነው። ምግቡ ቀድሞ ተከማችቷልና።

ይህን ተክል የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጥላቻ አይደለም፤ ርኅራኄ ነው። ተንከባካቢው ደረቁን ማሰሮ አይቶ፥ ሞተብኝ ብሎ ውኃ ያፈስበታል፤ ያንቀላፋው ሥርም በሙቅ ጭቃ ውስጥ ይበሰብሳል። ዐዋቂው ግን ውኃውን ከልክሎ በጥላ ያኖረዋል። ሥሩን ሲዳስሰው ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው።

እኛ ካህናትስ? ልጁን ቀብሮ ጸሎት አልወጣህ ያለውን ሰው በስግደትና በተግሣጽ ላይ ተግሣጽ ስንጭንበት፥ በደረቁ ማሰሮ ላይ የምናፈስስ እኛ አይደለንምን? ዝምታውን ክህደት ብለን ከመፍረዳችን በፊት ሥሩን እንዳስስ። በኀዘኑ ውስጥ እግዚአብሔርን የሚሞግት ሰው ገና አልተወውም።

ይሁን እንጂ ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም። ተክሉ ወራቱን አይመርጥም፤ ሰው ግን ስንፍናውን ዕረፍት ብሎ ሊጠራው ይችላል። በዝናሙ ጊዜ ሥሩን ያላደለበ በበጋ ምን ያብባል?

ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ አዲስ ቅጠል ብቅ ይላል፤ ተንከባካቢውም ያን ጊዜ ውኃውን በጥቂቱ ይጀምራል። አስተዋይ የንስሐ አባትም እንዲሁ ነው፤ ከኀዘንተኛው አጠገብ ዝም ብሎ ይቀመጣል፥ ጊዜው ሲደርስም የሰባቱን ጊዜያት ጸሎት በአንድ ቀን አይጭንበትም፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አብሮት ደግሞ ይሄዳል፥ በሳምንቱም ተመልሶ በሩን ያንኳኳል።