የነገን ዝናም ስለ መናገር

ሰው የማያውቀውን ነገር ተናግሮ ነገሩ ሳይሆን ቢቀር፥ ዋሸ ይባላልን? ጥያቄው ይልቁንም የሚከብደው የነገውን አየር ለሕዝብ በሚናገር ሰው ላይ ነው።

በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያካሂዱት የአየር ጠባይ ትንበያ አገልግሎት አለ። ትምህርታቸውን ገና ያልፈጸሙ ወጣቶች ካርታውን መርምረው የነገውን ይጽፋሉ፤ በራዲዮም ይናገራሉ። የፈተና ስሕተት የሚጎዳው ተማሪውን ብቻ ሲሆን፥ የትንበያ ስሕተት ግን ሣሩን አጭዶ ሜዳ ላይ ያሰጣውን ገበሬ ያገኘዋል።

ያልበሰለ ሰው ለሕዝብ ሊናገር አይገባውም የሚል ይኖራል። ነገር ግን የበሰለውም ቢሆን ነገን አያውቅም። አድሚራል ሮበርት ፊትዝሮይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. በለንደን ጋዜጣ ትንበያ ማሳተም በጀመረ ጊዜ፥ ሳይሠምርለት ሲቀር ይዘበትበት ነበር። ኤድዋርድ ሎሬንዝም በ1963 እንዳስረዳው፥ በመነሻው ያለች እጅግ ጥቂት ልዩነት ውላ አድራ የአየሩን መልክ ፈጽማ ልትለውጠው ትችላለች። ስለዚህ ከተንባዩ የሚፈለገው ዕውቀቱን ከነወሰኑ መናገር ነው፤ «ይዘንማል» ማለትን ትቶ፥ «ዝናም የመዝነሙ ነገር ከ100 እጅ 30 ነው» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ፈተና ይመጣል። ሰማዩ ይጠራል ተብሎ ዝናም የመታው ሰው ይቈጣል፤ ይዘንማል ተብሎ ፀሐይ የወጣለት ግን ደስ ብሎት ይረሳዋል። ይህን የተረዳ ተናጋሪ በልቡ 10 ያለውን በአፉ 30 ያደርገዋል። ለሰው አዝኖ ነው ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን ያዘነው ለገዛ ስሙ ይመስለኛል። ለከተሜው ዣንጥላ መያዝ ቀላል ነው፤ ያ ገበሬ ግን አንድ ደረቅ ቀን በከንቱ ያልፍበታል። ሊወስን የሚገባው እርሱ ነበር፤ ቁጥሩ ሲያብጥ ውሳኔው ሳያውቅ ተወሰደበት።

ግሌን ብራየር በ1950 ለዚህ መለኪያ የሚሆን ሒሳብ አወጣ። የተነገረው ቁጥር ከሆነው ነገር ጋር ተቀናንሶ፥ ልዩነቱ በራሱ ተባዝቶ ይመዘገባል፤ የሚሻለው ትንሹ ነው። ከ100 እጅ 90 ብሎ ዝናም የቀረበት 0.81፥ 30 ብሎ የቀረበት 0.09 ይጻፍበታል። የሚደንቀው፥ ብዙ ቀን በተቈጠረ ጊዜ፥ በልብ ያመኑትን ቁጥር እንዳለ ከመናገር የሚሻል ብልሃት አለመገኘቱ ነው።

እንግዲህ ተማሪው በአንድ ቀን ስሕተት ውሸታም አይባልም። «30» ያለባቸው ቀኖች ተለቅመው ሲቈጠሩ፥ ከየመቶው 30 ያህሉ ዘንመው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታያል። ራዲዮ የሚሰማው ገበሬ ይህን መዝገብ አይዝም፤ የሚይዘውም የሚፈርደውም ተናጋሪው ራሱ ነው።