የማን ኃጢአት?

ኦቲዝም፣ ማለትም ከልጅነት ጀምሮ በንግግር፣ በማኅበራዊ ግንኙነት እንዲሁም ድምፅንና ብርሃንን በመቀበል ላይ ልዩነት የሚያመጣ የአእምሮ እድገት ሁኔታ፣ በብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘንድ ከሕክምና ጥያቄነቱ በፊት የእርግማን ጥያቄ ሆኖ ይነሣል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ አንድ ሰው ዕውር ሆኖ የተወለደው በራሱ ነው ወይስ በወላጆቹ ኃጢአት ብለው ሲጠይቁ ክርስቶስ ሁለቱንም ስላልተቀበለ፣ ልጁን ከሰው ዓይን ደብቆ የሚያሳድግ ክርስቲያን ወላጅ ኀፍረቱን ያገኘው ከጎረቤት ሐሜት እንጂ ከወንጌል አይደለም። በእርግጥ ወላጅን መክሰስ የአማኞች ብቻ ነውር አልነበረም፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ሁኔታውን በጽሑፍ ከገለጸ በኋላ እንደ ብሩኖ ቤተልሃይም ያሉ ምሁራን ጥፋቱን በእናት ፍቅር ማነስ ሲያሳብቡ ቆይተዋል፤ ይህ ክስ ዛሬ ውድቅ ሆኗል።

ስለ ጥፋተኛ የሚነሣው ጥያቄ ሲወገድ የሚቀረው ለልጁ የሚገባው ነገር ነው፤ ደወል ሲደወል ጆሮውን በመዳፉ የሚደፍን ተማሪ ባለጌ ተብሎ ከሚቀጣ ጸጥ ያለ ቦታ ሊሰጠው፣ በቤትም መታጠቡ፣ መብላቱና ከቤት መውጣቱ በየተራቸው በሥዕል ተደርድረው ግድግዳ ላይ ሊሰቀሉለት ይገባል። ወላጅ ልጁን ጠበል ቢያስጠምቅም ይህን ከማድረግ የሚከለክለው ነገር የለም። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የሚሆን ቦታ ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ባለማግኘታቸው ነበር።