የዮናስ ባሕርና የእኛ እንቅልፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ነጎድጓዱና በረዶው የቤሩትን መስኮት ሲደበድብ ብዙዎቻችን ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ትዝ ይለናል። በዚያ የመብረቅ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የበረራ ቁጥር 409 አውሮፕላን ከደቂቃዎች በኋላ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ የነበሩበት 90 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። ሠርተው ወደ አገራቸው የሚመለሱ እኅቶቻችንም ነበሩባቸው።

እነርሱ ከእኛ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ነበሩ አይደለም። ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው 18 ሰዎች ሲናገር ይህን አስተምሮናል፤ በሕይወት የቀረነውን ግን ለንስሐ ጠርቶናል።

ዕለቱ የጾመ ነነዌ የመጀመሪያው ሰኞ ነበር። ባሕሩም ዮናስ ከኢዮጴ ተሳፍሮ የሸሸበት ባሕር ነው። ማዕበሉ ሲነሣ መርከበኞቹ ይጮኹ ነበር፤ እግዚአብሔርን የሚያውቀው ነቢይ ግን ተኝቶ ነበር።

እኛስ? በረንዳ ላይ የምታድር እኅታችን በዚህ ዝናብ ስትደውልልን ተከናንበን ስልኩን ካላነሣን፣ እንቅልፋችን የዮናስ እንቅልፍ ነው። ዛሬ ማታ እኛው እንደውልላት። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ መጠጊያ ላጣችውም፣ ክፍላችን ቢጠብም በራችንን እንክፈት። የሟቾቹንም ነፍስ በጸሎት እናስብ።

ማዕበሉን የገሠጸ አምላክ በስደት ያለነውን ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።