ለዓይን ያልተሠራ ጥበብ

የጥበብ ሥራ የሚሠራው ለተመልካች ነው፤ ተመልካች ያጣ ሥራ ሳይዘራ በጎተራ ውስጥ እንደ ነቀዘ እህል ይቆጠራል የሚለው አስተሳሰብ በዘመናችን ብዙ ተከራካሪ የለውም። ከዚሁ የሚወለደው ሌላው አስተሳሰብ ደግሞ የቆየን ሥራ ከመበስበስ ማዳን ምንጊዜም በጎ ተግባር ነው የሚለው ነው። ቤተ መዘክሮች የቆሙት በእነዚህ ሁለት አዕማድ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱንም የሚያናጋ አንድ የእንጨት ቅርጽ ግን አለ።

በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ምድር የሚኖሩት የዙኒ ሕዝቦች አሃዩዳ የሚሏቸውን መንትያ የጦር አማልክት ከጥድ እንጨት ይቀርጻሉ። ቅርጾቹ ቀጥና ረዘም ያሉ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ በከፍተኛ ሥፍራ፣ ጣሪያ በሌለው መቅደስ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ይሰነጥቃቸዋል፣ ዝናም ያበሰብሳቸዋል፣ ነፋስ ይፍቃቸዋል። በዙኒዎች እምነት አማልክቱ ሕዝቡን የሚጠብቁት እንዲህ እያለቁ ነው፤ አዲሱ ሲተከል አሮጌው ከቀደሙት ክምር ጋር ተጋድሞ ወደ አፈርነት ይመለሳል። እንግዲህ መበስበሱ የሥራው ጥፋት ሳይሆን የሥራው ፍጻሜ ነው።

ሰብሳቢዎች እነዚህን ቅርጾች ከመቅደሶቹ እያነሡ ወሰዷቸው። ብርሃንና እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥም በጥንቃቄ ተቀመጡ። ጥንቃቄው ራሱ በደል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዙኒዎች ከዴንቨር የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ጋር መነጋገር ጀመሩ፤ ቅርጹም ተመለሰላቸው፤ ከሌሎች ቤተ መዘክሮችም በርካቶች ተከተሉ። የተመለሱት እንዳይሰረቁ በአጥር ተከለሉ፤ ከላይ ግን ሰማዩ ተከፍቶ ተተወላቸው፤ መበስበሳቸውንም ቀጠሉ። ይህን የሰማ የቅርስ ጥበቃ ሙያተኛ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን የሠሪው ሐሳብ ብቻ ሕግ ይሁን ከተባለ ሌላ ችግር ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1974 በቻይና፣ በሺያን ከተማ አቅራቢያ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች ያገኙት የሸክላ ሠራዊትም ለማንም ሕያው ዓይን አልተሠራም። ከሰባት ሺህ በላይ እንደሚሆን የሚገመተው ይህ ሠራዊት የመጀመሪያውን ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግን በመቃብሩ እንዲያጅብ በጨለማ የተቀበረ ነው። ወታደሮቹ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ሙጫ እርጥበቱን ሲያጣ በደቂቃዎች ውስጥ እየተጠቀለለ ቀለሙን ይዞ ይረግፋል። ማየት ራሱ አጠፋው።

ታዲያ መልሰው ይቀበሩ? ሠራዊቱን ለንጉሡ አገልግሎት ሲል የሚጠብቅ ሕያው ሕዝብ ዛሬ የለም። ከዚህም በላይ በአንዳንዶቹ ወታደሮች ገላ ላይ የሸክላ ሠሪዎች ስም ተጭሮ ይገኛል። ስሙ የተጻፈው ለክብር አልነበረም፤ ሥራው ቢበላሽ ተጠያቂው እንዲታወቅ ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ በታሰበ ጨለማ ውስጥ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የኖረው የሠራተኛ ስም ወደ ብርሃን በመውጣቱ የሚበደል ሰው አይታይም፤ ይልቁንም የተካሰው ሸክላ ሠሪው ነው። እንግዲያስ ሚዛኑ ያረፈው በሞተው ሠሪ ሐሳብ ላይ ሳይሆን፣ ሥራው ዛሬም በሕይወቱ ውስጥ በሚያገለግለው ሕዝብ ላይ ነው።

በዚህ ሚዛን ላይ ከሁሉ የሚከብደው በለንደን የሚገኘው ነው። የእንግሊዝ ቤተ መዘክር 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉት፤ አብዛኞቹ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በወደቁበት በመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ታቦት ከካህናት በቀር ለማንም አይታይም፤ ለጥምቀት ሲወጣ እንኳ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ነው። ቤተ መዘክሩም ይህን ሥርዓት ተቀብሏል። ታቦታቱ ለሕዝብ አይቀርቡም፤ ተመራማሪ አያጠናቸውም፤ የቤቱ ሠራተኞችም አይመለከቷቸውም። ቅርሱ በእኛ ዘንድ የተቀመጠው የዓለም ሕዝብ አይቶ እንዲማርበት ነው የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ በገዛ ባለቤቱ እጅ ወደቀ። የቀረው እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቤተ መዘክሩ ሕግ ነው፤ ያም ቢሆን በስብስቡ ውስጥ ሊቆይ የማይገባውንና ቢወጣ ተማሪዎችን የማይጎዳውን ዕቃ ለመልቀቅ በር ከፍቷል። ማንም ያላየው ታቦት ቢሄድ የትኛው ተማሪ ምን ይጎድልበታል?

በኤድንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ሌላ ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሊቀበል የወጣው ብዙ ሕዝብ ያየው መጎናጸፊያውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይም ለማየት አልመጣም ነበር።