አራተኛው ልጅ ወረፋ አልያዘም

ልጄ፣ ሦስተኛዋ ሴት ልጅህ ክርስትና ከተነሣች ወዲህ «አሁንማ ተራው የወንድ ነው» የሚሉህ ዘመዶች በዝተዋል አሉ። የሚያሳስበኝ የእነሱ ማለት አይደለም፤ አንተም ማመን መጀመርህ ነው። ተራ ያለው እዚህ አዲሱ ገበያ፣ የሱሉልታ ታክሲ ጋ ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው፣ ከፊቱ ያለው በገባ ቁጥር ወደ በሩ ይጠጋል። ማሕፀን ውስጥ ግን ወረፋ ይዞ የቆመ ወንድ የለም። ፅንሱ ቀድመውት የመጡት ምን እንደሆኑ አያውቅም፤ የእሱ ዕድል እንደ አዲስ ግማሽ በግማሽ ነው። (በዓለም ላይ 100 ሴት ሲወለድ ወንዱ 105 ገደማ ነው። ትንሽ ያደላል፣ ተስፋ የሚጣልበት ግን አይደለም።)

«አራቱም ሴት የመሆናቸው ዕድል እኮ ከ16 አንድ ነው» ብሎ ሒሳብ የሚያሳይህም አይጠፋም። ልክ ነው፣ ገና አንድም ሳይወለድ ከሆነ። አንተ ግን ሦስቱን አልፈሃቸዋል፤ የቀረህ የአንዱ ዕድል ብቻ ነው። ሦስት ሴት በተከታታይ መውለድም ተአምር አይደለም። ሦስት ልጆች በ8 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊመጡ ይችላሉ፣ አንዱ ያንተ ነው። ባለ ሦስት ልጅ ጎረቤቶችህን ቁጠር እንጂ እርግማን አትፈልግ።

ሴትና ወንድ እኩል መውጣቱም ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን አብረው 6 ልጆች ወለዱ፦ ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኮንን፣ ሣህለ ሥላሴ። ሦስት ሴት፣ ሦስት ወንድ፤ በሚዛን የተለካ ይመስላል። ይሁንና ስድስት ልጆች ሊመጡ ከሚችሉባቸው 64 ቅደም ተከተሎች ሦስት ለሦስት የሚሆኑት 20 ብቻ ናቸው፣ ሲሶ እንኳ አይሞሉም። አብዛኛው ባለ ስድስት ልጅ ቤት ወደ አንዱ ያጋደለ ነው።

እናትህ፣ ሴት ብቻ ወለደች ብላ ምራቷን ገላመጥ ስታደርጋት አይቻለሁ። የሴቷ እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ክሮሞዞም ነው የሚይዘው፤ ፆታውን የሚወስነውን ኤክስ ወይም ዋይ የሚያመጣው ያንተ ዘር ነው። ይህን ለእናትህ አንተው ንገራት፤ ከሚስትህ አፍ ከወጣ ጠብ ይሆናል።

አራተኛ ካማራችሁ ውለዱ። ግን አስቀድማችሁ «ሴት ብትሆንስ?» ብላችሁ ተጠያየቁ። አንዳችሁ መልስ ካጣችሁ ለጊዜው ይቆይ።