የሌላውን መልክ በልብስ ስለ ማሳየት

ሰው ከሚታዩ ፍጥረታት ሁሉ ተለይቶ ልብስ የሚለብስ ነው። አዳምና ሔዋን ዕራቁትነታቸውን ባወቁ ጊዜ በመጀመሪያ ራሳቸው የበለስ ቅጠል ሰፍተው ታጠቁ፤ ኋላም እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው (ዘፍ. 3፥7 እና 21)። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልብስ ሁለት ሥራ አለው፤ ገላን ይሸፍናል፥ የለባሹን ማንነት ግን ይገልጣል። ካህኑ በካባው፥ መነኩሴው በቆቡ፥ ሐዘንተኛው በጥቁር ልብሱ ይታወቃል። እንግዲህ ልብስ የማንነት ምስክር ከሆነ፥ ሰው የራሱ ያልሆነውን መልክ በልብስ ቢያሳይ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናልን?

ይህ ጥያቄ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ከደጃችን ነው። በወረታና በፎገራ ሜዳ ባሉ አጥቢያዎች፥ እንደ ሌላውም የሀገራችን ክፍል፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በልደትና በጥምቀት የእረኞችን፥ የሰብአ ሰገልን፥ የነቢያትን ምሳሌ ለብሰው ለሕዝብ ያሳያሉ። ይህን አይተው ደስ የሚላቸው አሉ፤ የቲያትር ሥራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ገባ ብለው የሚያዝኑም አሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ከባሕር ማዶ ነው። በአሜሪካ በሚኖሩ ምእመናን ዘንድ፥ በፈረንጅ ኦክቶበር 31፥ በእኛም አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን፥ ሃሎዊን የሚባል በዓል ይደርሳል። በዚያም ቀን ልጁን ከተረት መጽሐፍ ያገኘውን አንድ ሰው ወይም እንስሳ አስመስለው አልብሰው እንዲልኩት የሚጠይቅ ትምህርት ቤት አለ። እናት ብትከለክል ልጇ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ያለቅሳል፤ ብትፈቅድ ኅሊናዋ ይወቅሳታል።

የሃሎዊን ቃል ትርጉም የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን በማግሥቱ፥ ኖቬምበር 1 ቀን፥ የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ታከብራለችና፤ ይህም ሥርዓት በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት የጸና ነው። በአየርላንድና በስኮትላንድ ደግሞ በዚያው ወራት የመከርን መጨረሻ የሚያከብሩበት ሳዊን የተባለ ጥንታዊ በዓል ነበር። ሁለቱ ተቀላቅለው፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ስደተኞች ወደ አሜሪካ ወሰዱት። ዛሬ ግን ቅዱሳኑ ከብዙ ሰው ልብ ተረስተው፥ የሬሳና የአጋንንት መልክ በአደባባይ ቀርቷል።

ነገሩን ለመመርመር ሁለት እናቶች በእጃቸው ያዘጋጁትን ልብስ እናስተያይ። ርብቃ የዔሳውን መልካም ልብስ ለያዕቆብ አለበሰች፤ የፍየል ጠቦት ቁርበትም በእጆቹና በአንገቱ ላይ አደረገች (ዘፍ. 27)። ሐናም ለሳሙኤል በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ሁለቱም ልጆቻቸውን ይወድዳሉ፤ ሁለቱም በእጃቸው ደክመዋል። ልዩነቱ ከጨርቁ ወይም ከቁርበቱ አይደለም፤ ከተመልካቹ ነው። በያዕቆብ ልብስ ዓይኑ የፈዘዘው አባት ተታለለ፤ ወንድምም ከወንድሙ ተለያየ። በሳሙኤል ልብስ ግን የተታለለ ማንም የለም።

ከዚህ የምንማረው ሐሰት በመምሰል ብቻ እንደማይፈጸም ነው፤ ሐሰት የሚሆነው ሌላውን ለማሳት ሲመስሉ ነው። የእረኛ ደበሎ ለብሶ በልደት ቀን የቆመውን ሕፃን እረኛ ነው ብሎ የተሳሳተ ምእመን የለም። ጌታችን በወንጌል አጥብቆ የገሠጸው ሰው በግዕዙ መድልው፥ በአማርኛው ግብዝ ይባላል፤ የጽርዑ ቃል ግን በጥንት አነጋገር በቲያትር መድረክ የሌላውን ሰው መልክ ይዞ የሚጫወተውን ሰው ያመለክታል። እንግዲያስ ተግሣጹ የወደቀው በማን ላይ ነው? መድረክ በሌለበት፥ ተመልካቹም ጨዋታ መሆኑን ሳያውቅ፥ በሕይወቱ በሚጫወተው ላይ ነው። ሕፃኑ ጨዋታው ሲያልቅ ደበሎውን አውልቆ ወደ እናቱ ይሮጣል። ነጭ ነጠላ ለብሶ ቆሞ አስቀድሶ፥ ማግሥቱን የመበለቲቱን ድንበር የሚገፋው ሰው ግን ልብሱን መቼ ያወልቃል? ጥምጥም የጠመጠምነውም ብንሆን ይህ ጥያቄ አያልፈንም።

ነገር ግን፥ ተመልካች ካልተታለለ ማንኛውንም መልክ መልበስ ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ መምሰል የለባሹንም ልብ ይነካልና። በከሃዲው ዑልያኖስ ዘመን ጶርፊርዮስ የተባለ ተጫዋች የክርስቲያኖችን ጥምቀት በመድረክ ሲያፌዝበት፥ የፌዙ ጥምቀት እውነተኛ እምነት ሆኖበት፥ ክርስቲያን ነኝ ብሎ በሰማዕትነት እንዳረፈ ይተረካል። መልካሙን መምሰል ፌዘኛውን እንኳ ወደ መልካም ከሳበው፥ ክፉውን መምሰል ሕፃኑን ወዴት ይስበዋል? ስለዚህ የአጋንንትና የሬሳ መልክ ለልጅ አይሰፋለት። የተባረከ ልብሰ ተክህኖም ለጨዋታ አይውጣ።

የተረት እንስሳትስ? በሀገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር መሆኑ የሚነገርለት የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ድርሰት፥ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ»፥ በ1910ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታየው በአውሬዎች ተረት ነው። በአውሬ አንደበት የአስተዳደርን ጉድለት ስለ ነቀፈ ታገደ። ነቢዩ ናታንም ዳዊትን የገሠጸው የአንዲት በግ ታሪክ በመተረክ ነው (2ኛ ሳሙ. 12)። የቅኔ ተማሪ ይህን ያውቃል፤ አንበሳውና ቀበሮው ሰም ናቸው፥ ወርቁ ምግባር ነው። እናት የጦጣን ጆሮ ለልጇ ስትሰፋ ወርቁን አብራ ትንገረው፤ ጦጣ በብልሃቷ ታመልጣለች፥ በሌብነቷ ግን አትመሰገንም ትበለው።

በእጅ መሥራቱም ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። በፎገራ የርብና የጉማራ ውኃ ሞልቶ ከሸሸ፥ ሩዙም ከታጨደ በኋላ፥ ገለባው ለበረት ምሳሌ ይሆናል፤ ያረጀ ጋቢ ለእረኛ፥ የጣና ደንገልም ለበትርና ለአክሊል ይበቃል። ክንፉን ከወረቀት የቆረጠ ልጅ ክንፍ እንደሌለው ያውቃል፤ የታሪኩንም ነገር እየሰፋ ይጠይቃል። በገንዘብ የሚገዛ ልብስ ቢታዘዝ ግን የድኻው ልጅ ከበዓሉ ይቀራል። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤት አለቆች መዋጮ ከመጣል ይልቅ ከየቤቱ ያለውን ይሰብስቡ።

በባሕር ማዶ ላለችው እናት የምንመክረው ይህ ነው። ልጅሽ መልካም ታሪክ ያለውን ሰው ወይም እንስሳ ይምሰል፤ ልብሱንም አብራችሁ ስፉ። ዕለቱ የቅዱሳን ዋዜማ መሆኑን፥ ጥቅምት 21 ላይ ሲውልም ወርኃዊው የእመቤታችን በዓል መሆኑን ንገሪው። ልጆቻችን በደብረ ታቦር በዓል በየደጁ ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙል ሲቀበሉ ባለቤቱን መርቀው ይሄዳሉ። የዚያ አገር ልጆች ግን፥ ለጨዋታ ቢሆንም፥ ካልሰጣችሁን ተንኮል እንሠራባችኋለን ይላሉ። ልጅሽ ከሄደ መርቆ ይመለስ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የተጠመቅን ሁላችን ክርስቶስን እንደ ለበስን ያስተምራል (ገላ. 3፥27)። በ40 እና በ80 ቀን ያን ልብስ የለበስነው ገና ሳንመስለው ነው፤ የተሰጠንም አድገን እንድንመስለው ነው። ሐና መደረቢያውን በየዓመቱ የሠራችው ልጇ ስላደገ ነበር። ከእኛ የሚፈለገውም ይኸው ማደግ ነው፤ ያን ጊዜ ልብሳችን እውነተኛ ምስክራችን ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።