በመጽሐፍ ያለ ይወረሳልን?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂላችን በጽሕፈት ላይ የተጣለውን የትውልድ አደራ በአጭሩ ይገልጻል። ብሂሉ የተነገረው መጽሐፍ ማለት ብራና፣ ኋላም ወረቀት በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ግን መጽሐፍ ያለ ወረቀትና ያለ ቀለም በስልክና በኮምፒውተር መስታወት ላይ ይነበባል። እንግዲህ ሁለቱን የኅትመት ዐይነቶች ስናነጻጽር «የትኛው ይረክሳል? የትኛውስ ይፈጥናል?» ብለን ብቻ መጠየቃችን አይበቃም። ደራሲው ለአንባቢው የሰጠው ቃል በየትኛው ይጸናል? አንባቢውስ የገዛውን መጽሐፍ በእርግጥ ለልጁ ያወርሰዋልን? ይህ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሊቀድም ይገባዋል።

የጥንት ጸሐፊዎቻችን በብራና መጻሕፍት ላይ ግዝት ሲጽፉ ሁለት ሰዎችን ለይተው ያወግዙ ነበር፤ መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን። ሌባው መጽሐፉን ከባለቤቱ ይነጥላል፤ ፋቂው ግን መጽሐፉን በቦታው ትቶ ቃሉን ያጠፋል። የተሰረቀ መጽሐፍ መጥፋቱ ይታወቃል፤ ተፍቆ በሌላ ቃል የተተካ መጽሐፍ ግን እንደ ጥንቱ መስሎ ይነበባል። ከዚህም የተነሣ የፋቂው በደል ከሌባው ይብሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በሮማ ከተማ በወጣው መዝሙረ ዳዊት ነበር። በአገራችን ደግሞ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ለዘመናዊው ሥነ ጽሑፋችን ሰፊ በር ከፍቷል። ኅትመት ያመጣው ታላቅ ለውጥ ብዛት ብቻ አይደለም። አንድ ዐይነት ቃል የያዙ ሺህ ቅጂዎች በሺህ ቤቶች ሲበተኑ እያንዳንዱ ቅጂ ለሌላው ምስክር ይሆናል። አንዱን የፋቀ ሁሉንም ሊፍቅ አይችልም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲታገድ፣ አስቀድሞ በአንባቢ እጅ የገባው ቅጂ ግን ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ዘመኑን ተሻግሮ ለዳግም ኅትመት በቅቷል። መጽሐፉን ያቆየው አንባቢው በእጁ የያዘው፣ ማንም ከሩቅ ሆኖ ሊደርስበት ያልቻለው ወረቀት ነው።

ይህ ሲባል ግን ወረቀትን ማምለክ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ስንት የተደከመበትን ድርሰት በመሳቢያ ውስጥ አስቀርቷል። በጠረፍ አካባቢ የሚያስተምር መምህር በዋና ከተማው የወጣውን መጽሐፍ ስሙን እየሰማ መልኩን ሳያይ ኖሯል። በኤሌክትሮኒክ ኅትመት ይህ ርቀት ሊጠብ ይችላል። ቀድሞ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር፤ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ከተቀበለ ወዲህ ግን ይህ ችግር ከጊዜ ወደ ጊዜ ተቃልሏል። ዛሬ አዲስ አበባ የወጣ ድርሰት በዚያው ቀን በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ሊነበብ ይችላል፤ ዐይኑ የደከመ አረጋዊም ፊደሉን አጉልቶ ያነብበዋል። ይህን ጸጋ የሚንቅ ደራሲ አንባቢውን የናቀ ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ ጸጋ ውስጥ ተቃርኖው ይገኛል። ቃሉን በቅጽበት ሩቅ አገር የሚያደርሰው መንገድ ቃሉን በቅጽበት መልሶ ለመውሰድም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የተባለው ኩባንያ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» ከደንበኞቹ የንባብ መሣሪያዎች ላይ፣ ደንበኞቹን ሳያስፈቅድ፣ ከሩቅ ሆኖ አጠፋ። ምክንያቱ ቅጂውን ያቀረበው ሻጭ የማሳተም መብት ያልነበረው መሆኑ ነው። ገንዘቡ ለገዢዎቹ ተመልሷል፤ የኩባንያው ኀላፊም በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ያም ሆኖ በሸማቹ ቤት ያለ መጽሐፍ በሻጩ እጅ ሊጠፋ እንደሚችል ዓለም ዐወቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የሮአልድ ዳል የልጆች መጻሕፍት ቃላቸው ተለውጦ ሲወጡ፣ የቀድሞውን የኤሌክትሮኒክ እትም የገዙ አንባቢዎች ቅጂያቸው በእጃቸው እንዳለ ወደ አዲሱ መለወጡ ተዘግቧል። በመደርደሪያ ላይ የነበረው የወረቀት እትም ግን እንደ ነበረ ቀረ። የጥንቱ ጸሐፊ የፈራው ፋቂ ዛሬ ምላጭ አያሻውም ማለት ነው።

በብዙዎቹ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሮች ውል መሠረት ገዢው የሚያገኘው የማንበብ ፈቃድን እንጂ የመጽሐፉን ባለቤትነት አይደለም፤ ይህም ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ «ይወረሳል» ያለው ብሂላችን እዚህ ላይ ይሰናከላል። በሌላው ወገን መጽሐፍን ያለ ደራሲው ፈቃድ ገጽ በገጽ እያነሡ በቴሌግራም መበተን የተለመደ ሆኗል። ይህን የሚያደርግ ሰው ዕውቀት አሰራጫለሁ ሊል ይችላል። ነገር ግን የደራሲውን ላብ ያለ ዋጋ መውሰድ ሌላ ድርሰት እንዳይወለድ ማምከን ነው። ሌባውም እንደ ፋቂው በአዲሱ ዘመን አዲስ መሣሪያ አግኝቷል።

«ደራሲ ሥራውን የማሻሻል መብት የለውምን? ስሕተቱን በወረቀት ላይ ዘላለም ተሸክሞ ይኑር ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ነባሩ የኅትመት ልማድ ራሱ ይሰጠናል። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት በመጨረሻቸው ላይ የስሕተትና የእርማት ሠንጠረዥ ነበራቸው። እርማቱ ስሕተቱን አልፋቀም፤ ከጎኑ ቆሞ አቃናው እንጂ። አንባቢውም ደራሲው በፊት ምን እንዳለ፣ ኋላም ምን እንዳለ አይቶ ይፈርዳል። እርማትንና ፍቀትን የሚለያቸው ይህ ግልጽነት ነው።

እንደ እኔ እምነት ደራሲ ወረቀትንም ሆነ ኤሌክትሮኒክን አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲክድ የሚያስገድደው ነገር የለም። የሚገደደው ቃሉን እንዲጠብቅ ነው። በኤሌክትሮኒክ የሚያሳትም ሁሉ እያንዳንዱን እትም በቀኑ ይለይ፤ የለወጠውን ይናገር፤ የቀድሞውን እትም አያጥፋ፤ ለገዛው አንባቢም ማንም ከሩቅ የማይነካው ቅጂ ይስጥ። ጥቂትም ቢሆኑ በወረቀት የታተሙ ቅጂዎች በየቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጡ፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ምስክር ይሆናሉና። መምህሩም ለተማሪው፣ አሳታሚውም ለደራሲው ይህንኑ ይጠይቅ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብሎ ቃሉን ከልጁ አስበልጦ ያከበረ ሕዝብ፣ የጻፈው ቃል በሌሊት ተለውጦ ሲያድር ዝም ብሎ ሊመለከት አይገባውም።